አራት ወር የማይሞላው ጎሚኒ

ቢቸና ጋራዥ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ሙላቱ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ትልቅ ቁልፍ አስጨበጡኝና ከአንድ ፒክአፕ ሥር አስገቡኝ። «አጥብቅ» አሉኝ። አጠበቅሁ። «አሁንም አጥብቅ!» አሉኝ። እስከ ምሳ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ከምሳ በኋላም የተጨመረ ትምህርት የለም።

ከዓመታት በኋላ ሞጣ ላይ የራሴን ጋራዥ ስከፍት ማዕረጌ ከፍ አለ፤ አጥባቂ የነበርኩት ሰው አስጠባቂ ሆንኩ።

ስም ያተረፍኩት በመኪና የፊት እግር ሥራ ነው። የፊት ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘውን ክንድ ብራቾ እንለዋለን። ብራቾው ከአካሉ ጋር በብሎን በሚታሰርበት ላይ ንዝረት የሚችል ላስቲክ አለ፤ ጎሚኒ ማለት እሱ ነው። እኔ የገጠምኩት ጎሚኒ አራት ወር አይሞላም ነበር። ደንበኛው ሲመለስ ግን ጥፋተኛ አጥቼ አላውቅም። መንገዱ አለ፤ ቻይና አለች፤ ሁለቱ ካልበቁ የሰውየው አነዳድ አለ። ከእኔ በቀር ያልተጠረጠረ የለም።

መምህርት ዘይነባ ከጅማ ተመድባ የመጣች የፊዚክስ አስተማሪ ናት። አሮጌ የቤት መኪና አለቻት። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ጎሚኒ ቀየርኩላት።

«ጋሽ አስማረ፣ ችግሩ ምንድን ነው?» አለችኝ በሦስተኛው።

«መንገዱ ነዋ፣ መምህርት። ጎሚኒው ምን ያድርግ?»

«የጎረቤቴ መኪናም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። የሱ ሁለት ዓመት ሞላው።»

«እሱ ዕድለኛ ነው» አልኳት። ፊዚክስ ለምታስተምር ሰው የሰጠሁት ማብራሪያ ይህ ነበር።

በአራተኛው አልመጣችም። ቅዳሜ ጠዋት ግቢዋ ውስጥ መኪናዋን ራሷ ፈታታለች ሲሉኝ፣ «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» እያልኩ ልስቅባት ሄድኩ።

ብራቾውን ብረት ጨምቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሥራ፣ አዲሱን ጎሚኒ ሳሙና ቀብታ፣ በቁራጭ ቱቦ እየደገፈች ቀስ እያለች ታስገባለች። መኪናዋ በክሪክ ብቻ አልተንጠለጠለችም፤ ከሥሯ የድጋፍ ብረት ገብቶላታል። እኛ ጋራዥ እንዲህ የምንጠነቀቀው እንግዳ ሲያየን ነው። ቆሜ ስህተት ፈለግሁ። አጣሁ። በጣም ከፋኝ።

ብራቾውን መልሳ ገጠመችና ብሎኖቹን በጣቷ ብቻ ይዛ ተወቻቸው።

«አጥብቂው እንጂ!» አልኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

«አሁን አይጠብቅም።» የተጣሉትን አሮጌ ጎሚኒዎች አንሥታ ሰጠችኝ። «እነዚህን የገጠሙት እርስዎ ነዎት። ይዩዋቸው፤ ሁሉም የተቀደዱት ወደ አንድ ጎን ነው። መንገድ ቢሆን ላይ ታች ነው የሚመታው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ሲያጠብቁት ጎሚኒው እዚያው እንዳለ ይያዛል። መኪናው ሲወርድ ብራቾው ወደ ላይ ይነሣል፤ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። መኪናው ቆሞ እያደረም ይጠመዘዛል።»

ከዚያ ጎማዎቹን አሥራ መኪናዋን በወፍራም ጣውላ ላይ አወረደች። ክብደቱ ጎማዎቹ ላይ ሲያርፍ ከሥር ገብታ ያን ጊዜ አጠበቀች። እኔ ቁልፍ አቀበልኩ።

ስትወጣ እጇን እየጠረገች፣ «ባለፈው ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ፍሬን ብይዝ መሪው ወደ ገደሉ ጎተተኝ። እናቴ አጠገቤ ነበረች። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጎሚኒ ማንበብ የጀመርኩት» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንደ ዛገ ብሎን ነበር።

ሰኞ ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። በዚያ ዓመት ጎሚኒ የገጠምኩላቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠራሁ። ለአንዱ የሚኒባስ ሹፌር፣ «ና፣ የፊት እግርህን ብሎን ላላላልህ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሊያላሉት ነው እንዴ ያጠበቁት?»

«አላልቼ መልሼ አጠብቀዋለሁ።»

«ደኅና ነዎት ግን?»

መጣ። ሌሎቹም መጡ። ከነሱ ሁለቱ እየሳቁ ሄዱ፤ አንዱ ሰድቦኝ ሄደ። የመምህርት ዘይነባ ጎሚኒ እስካሁን አልተቀደደም፤ እኔ ስላልነካሁት ይመስለኛል።

የጎሚኒ ብሎን የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ ሃያ ሁለት ዓመት አያስፈልግም፤ እኔ ግን ፈጅቶብኛል።