ከጫማ ወደ «ሌላ ሥራ»

ተማሪዎቹ «መምህር ቀስት» ይሉታል። ዓለም አቀፍ ንግድን ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ በአንድ በኩል «ጫማ»፣ በሌላው በኩል «ሌላ ሥራ» ብሎ ይጽፍና ጠመኔውን ሳያነሳ በአንድ ቀስት ያገናኛቸዋል። ቀረጥ ሲነሳ ርካሽ ጫማ ከውጭ ይገባል፣ ሸማቹ ይጠቀማል፣ የአገር ውስጡ ጫማ ሰሪ ደግሞ ይበልጥ ወደሚያዋጣው ሥራ ይዛወራል። እኔና እሱ ቢሮ እንጋራለን፤ የሚያስተምርበት ክፍልም ከቢሯችን የሚለየው በስስ ግድግዳ ነው። ትምህርቱን ከተማሪዎቹ ይበልጥ እኔ ሳልሰማው አልቀርም፤ ብፈተን ኤ አመጣለሁ።

ማሳቅም ይችልበታል። «ጫማ ሰሪው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይለምደዋል» ሲል ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

ጫማ ሰሪው ታላቅ ወንድሙ ነው። አባታቸው ሲሞት ታላቁ ትምህርቱን አቋርጦ የአባቱን ጫማ መሥሪያ ተረከበ፤ ታናሹ እንዲማር። መምህር ቀስት በልጅነቱ የቤት ሥራውን የሚሠራው እዚያው፣ የማስቲሽ ሽታ ውስጥ፣ ጫማ የሚወጠርባቸው የእንጨት ፎርማዎች በተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረ ቀን ያደረገውን ጫማ የሰፋለትም ወንድሙ ነው። በምሳሌነት ያነሳው በክፋት አልነበረም፤ በቅርብ የሚያውቀው ሌላ ጫማ ሰሪ ስላልነበረ ነው።

ቀረጡ የእውነት የተነሳ ጊዜ ታላቁ ምክር ፈልጎ ቢሯችን መጣ። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ገበያው መቀዝቀዙን፣ ጎረቤቶቹ ጫማ ሰሪዎች ግን «ትንሽ እንታገሥ፣ የተማሪ ጫማ እንሥራ» እንዳሉት አጫወተው። ልዝጋ ወይስ ልቆይ ነው ጥያቄው። ታናሹ ወረቀት ሳበና ያንኑ ቀስት ሳለለት።

«ጋሼ፣ ዝጋው» አለው። «የሚጎዳው የዘገየ ነው።»

ታላቁ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየና ተነሳ። የተማረ ወንድም እያለው የጎረቤት ምክር ምን ያደርግለታል? ማሽኑን ሸጠ፣ ፎርማዎቹን ለማገዶ ሰጠ።

ጎረቤቶቹ አልዘጉም። ከውጭ የገባው ጫማ የልጆችን ሩጫ አልቻለም፤ ሶሉ እየተገነጠለ ሲያስቸግር እናቶች ወደ ሰፈራቸው ጫማ ሰሪ ተመለሱ። ዛሬም በዚያ ሰፈር ሲያልፉ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። የታላቁ ጫማ መሥሪያ ግን ስልክ መጠገኛ ሆኗል። እሱ በዚያ ዕድሜው የሚቀጥረው አጥቶ ሲንከራተት ቆየና በመጨረሻ እዚሁ እኛ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ጥበቃ ሆነ። መምህር ቀስት ይህን የሰማ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ወይ ነዶ! የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ ነገር።

በእኛ በር መምህር ሲያልፍ ጥበቃ ከወንበሩ ይነሳል፤ ደንብ ነው። በእነሱ ቤት ደግሞ ታላቅ ሲመጣ ብድግ የሚለው ታናሽ ነበር። ታላቁ መጀመሪያ ቀን ሲነሳለት መምህር ቀስት ትከሻውን ይዞ ሊያስቀምጠው ታገለ።

«ጋሼ፣ በእናታችን፣ ተቀመጥ።»

«ተው እንጂ፣ አለቃዬ ያያል። ሥራዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ መምህር ቀስት በጓሮ በር መግባት ጀመረ። ግቢውን ዞሮ ላብ በላብ ሆኖ ቢሮ ሲደርስ አላሾፍበትም፤ እኔን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዘንድሮም ያ ትምህርት ደረሰ። ከግድግዳው ማዶ «ጫማ»፣ ቀጥሎም «ጫማ ሰሪው» ሲል ሰማሁት፤ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ተንቋቋና ቆመ። አንዲት ተማሪ ጫማ ሰሪው ታዲያ የት እንደደረሰ ጠየቀችው።

«በር ላይ ነው» አላት። «ጠዋት ቦርሳሽን የፈተሸው እሱ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቀልደኛ ነዋ፣ የተለመደው ቀልዱ መሰላቸው። አንድ ነገር ለማለት ጀምሮ ነበር፤ ሳቁ ዋጠው። ትምህርቱን ሳይጨርስ አሰናበታቸው።

ያን ዕለት ስንወጣ «በዋናው በር እንሂድ» አለኝ። ተማሪዎቹ ቀድመውን በሩ ላይ ደርሰው ታላቁን ከበውታል።

«አባባ፣ ጫማ ሰሪ ነዎት አሉ፤ እውነት ነው?» አለች ያችው ልጅ፣ ሳቋን እንደያዘች።

ሰውየው ደነገጠ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። እዚያ በር ላይ ከቆመ ጀምሮ ስለ ሙያው የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ነበርኩ እንጂ! ማን ነገራችሁ?»

«መምህራችን።»

ቀና ሲል እኛን አየ። ፊቱ እንደበራ ኮፍያውን አስተካከለና ከወንበሩ ተነሳ።

«ደህና ይዋሉ፣ መምህር» አለው ወንድሙን።