የአሰፋሽ ቀይ ድንች

ብርቄ አሰላ ውስጥ ባለ አንድ የቲሹ ካልቸር ቤተ ሙከራ ትሠራለች። ከታመመ ተክል ላይ የመርፌ ራስ የምታክል ጤነኛ ጫፍ ቆርጣ፣ ምግብ በረጋበት ብልቃጥ ውስጥ ታሳድጋለች። እጇ የተባረከ ነው ይሏታል። ለገዛ እናቷ ድንች ግን አልሆነላትም።

እናቷ አሰፋሽ ኢተያ ጓሮዋ ውስጥ ቀይ ድንች ነበራት፤ ከእናቷ የወረሰችው፣ ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ማንም ዘንድ ያልነበረ። አሰፋሽ ባረፈች በዓመቱ ድንቹን በሽታ ፈጀው። የብርቄ አባት አቶ ወልደ ሚካኤል የተረፈችውን አንዲት ፍሬ በሟች ነጠላ ጠቅልለው አመጡላት።

"የእናትሽ ነገር ይቺው ናት፤ አደራ" አሏት።

ብርቄ ከዚያች ፍሬ ብዙ ጫፍ ቆረጠች። ሁሉም ጠቁረው አንዲቷ ብቻ አቆጠቆጠች። ጠንከር ስትል ከፋፍላ ልታባዛት አሰበች። ይህን የሰሙት አባት በሚኒባስ ከተፍ አሉ። ክፍሉ ለእንግዳ ክልክል ነው፤ ግን አባትን ደጅ ማን ያስቆማል? ጋዋን አልብሳ አስገባቻቸው፣ ብልቃጡን አሳየቻቸውና በርጩማ ልታመጣ ዞር አለች።

ስትመለስ ክዳኑ በእጃቸው ነው። ሽማግሌ ልጅ እንደሚመርቀው ብልቃጡ አፍ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

"እንትፍ! እንትፍ! እደጊ፣ ተመንደጊ! እንደ አሰፋሽ..." እንባ አነቃቸው።

የሽማግሌ ምራቅ ለልጅ በረከት ነው፤ ለብልቃጥ ግን መርዝ። ብርቄ ጩኸቷን ዋጠችና "አሜን" አለች። ምን ትበል?

በሳምንቱ ሻጋታ ብልቃጡን ወረሰው። ቡቃያዋን አውጥታ በበረኪና አጠበቻት፣ አዲስ ምግብ ላይ ተከለቻት፤ ጠቁራ ቀረች። ሰው አንዴ ነው የሚሞተው ያለው ማን ነው? ብርቄ እናቷን እንደገና ቀበረች፤ ለዚያውም ብቻዋን፣ ያለ አልቃሽ።

ክረምት ሲቃረብ አባቷ የጓሮውን መደብ ቆፍረው፣ ፍግ አልብሰው፣ የአሰፋሽን ቅርጫት ይዘው መጡ።

"አባባ፣ ሞተችብኝ።"

"ምን ገደላት?"

"ሻጋታ ገባባት።"

"ከየት መጥቶ?"

ብርቄ መሬት መሬት አየች። "እንጃ፤ ከአየር ይሆናል።"

ሽማግሌው ባዶውን ቅርጫት ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ በመጨረሻ። ብርቄ ክው አለች። "ያን ቀን እንባ ቀደመኝና ምርቃቱን በወጉ አልጨረስኩትም። አጥብቄ መርቄያት ቢሆን ኖሮ ትተርፍ ነበር።"