ሠላሳ አንድ ባንች ወፍ

የምሠራው ሰበታ፣ አበባ እርሻ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ጽጌረዳ እለያለሁ። ጎባጣውንና ቀለሙ የደበዘዘውን ወደ ጎን እጥላለሁ፤ ጥሩ ጥሩውን ሃያ ሃያ አድርጌ አስራለሁ። አንዷን እስር ባንች እንላታለን። ሦስት ዓመት ስለሠራሁ ሃያ ለመሙላት አንድ፣ ሁለት አልልም፤ ዓይኔ ያውቀዋል። ትምህርቴ ግን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የተማረ ሰው ባለበት አፌን አልከፍትም።

አክስቴ ዓለም ገና ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት አላት። ባለፈው ጥር ወፍ ለሚቆጥሩ ሰዎች እንድታበስል ተቀጠረችና እኔንም ለእገዛ ይዛኝ ሄደች። ከዝዋይ ወዲያ፣ አብያታ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተከልን።

በማግስቱ ጠዋት ሽንኩርት እየላጥኩ ቀና ስል ዳርቻው ሮዝ ሆኗል። ፍላሚንጎ የሚባሉት እግረ ረጃጅም ወፎች ናቸው፤ ተጠጋግተው አንገታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ይበላሉ። ቢላዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሳላስበው መቁጠር ጀምሬ ነበር።

የቡድኑ መሪ ሸምገል ያሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከቆጣሪዎቹ አንዷ አሟት ስለቀረች «የማዶውን ዳርቻ ነገ ማን ይቆጥርልናል?» ሲሉ አክስቴ ሰማች።

«ጋሼ፣ ይቺ የእኔ ልጅ ትቆጥርልዎታለች።»

ፊቴ ጋለ። አብሯቸው የመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ሽንኩርት አይደለም፤ ይንቀሳቀሳል።»

«አንተ ትናንት ሁለቴ ቆጥረህ ሁለት መልስ አልነበር ያመጣኸው?» አለችው። ወደ እኔ ዞራም በኦሮምኛ «ኮቱ» አለችኝ፤ «ነይ አንቺ።»

መምህሩ ግን አልሳቁም። «እስቲ ትሞክር» አሉ። እኔ በቴሌስኮፕ እያየሁ ስቆጥር ተማሪው ያንኑ መንጋ ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ በእያንዳንዱ ወፍ ላይ ነጥብ እያደረጉ ይቆጥሩታል። ቁጥሬ ከተጠጋ ነገ ማዶ እሄዳለሁ፤ ካልሆነ ወደ ሽንኩርቴ። አንድን ነገር ይህን ያህል የተመኘሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከግራ ወደ ቀኝ ባንች በባንች ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ባንች ከአራት።

«ስድስት መቶ ሃያ አራት» አልኩ።

«አልሰማሁሽም» አሉኝ። ደገምኩት።

ግራሩ ሥር ተቀምጠው ነጥቡን ሲጨርሱ ስድስት መቶ ሰባ አንድ ሆነ።

«ወደ ሃምሳ ጎደላት» አለ ተማሪው።

«ለመጀመሪያ ጊዜ አይከፋም፣ ልጄ» አሉኝ መምህሩ። ሊያጽናኑኝ እንደሆነ ገባኝ። ዝም ብዬ ወደ ድስቱ ብመለስ ማንም አይቀየመኝም ነበር። ግን እኔ ሃምሳ አበባ ጎድሎብኝ አያውቅም። ጠጋ ብዬ ፎቶውን አየሁት። በሮዞቹ መሃል ደብዘዝ ያሉ ግራጫ ወፎች አሉ፤ እነሱም ላይ ነጥብ ተደርጓል። ዓይኔ እንደለመደው ጥሏቸው ነበር።

«ጋሼ» አልኩ። «ግራጫዎቹን አልቆጠርኳቸውም። እኛ ጋ የደበዘዘው ይጣላል። እስቲ እነሱን ለብቻ ይቁጠሯቸው።»

በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። አርባ አራት። ከእኔ ቁጥር ጋር ሲደመር የጎደለው ሦስት ወፍ ብቻ ሆነ። ተማሪው አላምን ብሎ በስልኩ እንደገና ደመረው፤ ያው ነው።

«ግራጫዎቹ ልጆቹ ናቸው፤ ላባቸው ገና ቀለም አልያዘም» አሉ መምህሩ። «እኛ ሁሉንም ቀላቅለን ነበር የምንመዘግበው። ከነገ ጀምሮ ለየብቻ እንቆጥራለን።» እስክሪብቶ አውጥተው ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ጨመሩ።

«ሽንኩርቱንስ ማን ይላጥ?» አለ ተማሪው።

«አንተ ነሃ» አለችው አክስቴ።

በማግስቱ ማዶ ቆምኩ። ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር ቁጥሩን ጮክ ብዬ ነበር የምጠራው፤ መምህሩ ከጎኔ ሆነው ይጽፋሉ። ስንጨርስ ቅጹን ሰጡኝ። «የቆጣሪ ስም» በሚለው ቦታ ላይ ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ።