ከበቆጂ ያመጣሁት መጋረጃ

ንጋት፣ አሰላ

ጭላሎ ደመናውን አልገፈፈም። የእህል ጭነት መኪናው ሞተሩን እያሞቀ ነው። ሾፌሩ ከበደ ጋቢና ቦታ ሰጠኝ።

«እማማ፣ በዚህ ብርድ በቆጂ? ለቅሶ ነው?»

«የእህቴ ባል ቤት።»

«ታዲያ ለቅሶ ይሻል ነበር!»

አልሳቅሁም፤ ልክ ብሏል። የእህቴ ባል ሼህ አደም የአባቴ ደረሳ ነበር። የአብደላህ ኢብኑ ዙበይርን ታሪክ አባቴ ለሁለታችንም በአንድ ምንጣፍ ላይ አስተማረን። አባቴ ሲሞት አደም እህቴንም፣ ታሪክ የሚተረክበትን የዱዓ ጉባኤ፣ ሐድራውንም ወሰደ። መጋረጃ ሰቀለና «የሴት ድምፅ ከዚህ አያልፍም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። ዘንድሮ እህቴ «አርጅቷል፤ ታሪኩ እየጠፋበት ነው» ብላ ላከችብኝ። ሲጠፋበት ለማየት ነው የምሄደው።

ረፋድ፣ ሳጉሬ

ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው እስኪለጥፍ በስሙኒ እርጎ ጠጣሁ። ግራና ቀኙ ገብስ ነው፤ ብርድ ልብስ የደረቡ ፈረሰኞች ወደ ገበያ ይወርዳሉ።

ከቀትር በኋላ፣ በቆጂ

ቤቱ ጢም ብሏል። ወንዶቹ ወዲያ ጫታቸውን ይዘዋል፤ እኛ ሴቶች ከመጋረጃው ወዲህ ጭኮ እንበላለን። አደም ቀጭን በሆነ ድምፅ በኦሮምኛ ይተርካል።

የዚድ የተባለ ሰው ኸሊፋ ሲሆን አብደላህ ልገዛለት ቃል አልገባም አለ። ከመዲና ወጥቶ መካ ገባ፤ ኋላም ብዙ አገር ኸሊፋችን አለው። ዓመታት አልፈው የደማስቆው ኸሊፋ ጦር መካን ከበበ፤ ከተራራ ላይ ድንጋይ አዘነበባት። ሰዎቹ ከዱት፤ ልጆቹ ሳይቀሩ። አብደላህ ዓይነ ስውር አሮጊት እናቱ አስማ ዘንድ ገብቶ፣ እጅ ልስጥ ወይ ሲል ጠየቃት።

«እናቱም...» አለ አደም።

ቀጣዩ ጠፋበት።

«እናቱም...»

አንድ ጎረምሳ ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ። እህቴ ክንዴን ጨበጠች። የጠበቅሁት ይኸው ነበር። ዝም ብል ሰውየው በሐድራው ፊት አለቀለት። ግን አስማም አፏን እንደከፈተች ልትቀር ነው።

«እናቱም» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «እውነት ይዘህ ከሆነ ሂድ አለችው። ሬሳዬን ይሰቅሉታል ቢላት፣ የታረደ በግ ሲገፈፍ አያመውም አለችው። ስታቅፈው የለበሰው የብረት ጥሩር እጇን ቆረቆራት፤ አውልቀው አለችው።»

አንዱ «ሴት ናት እኮ!» አለ።

«ዝም በል» አለው አደም። ከዚያ ወደ መጋረጃው፣ «ከዚያስ?»

ጨረስኩት። ወጣ፤ ተዋጋ፤ ተገደለ፤ ተሰቀለ። እናቱ ከተሰቀለበት ሥር ቆማ፣ ይህ ፈረሰኛ የሚወርድበት ጊዜ አልደረሰም ወይ አለች።

ማንም አልሳቀም። የመዝጊያው ዱዓ፣ ፋቲሓ፣ ተደረገ።

በማግሥቱ፣ መመለሻ

አደም በትሩን ተደግፎ እስከ መኪናው ሸኘኝ።

«ዝም ብትዪ ኖሮ ጥሩ አድርገሽ ትበቀዪኝ ነበር።»

«አንተን መተው አላቃተኝም። አስማን ነው ያቃተኝ።»

በብብቱ የያዘውን ጨርቅ አቀበለኝ። መጋረጃው ነው፤ አጣጥፎታል። አላመሰገንኩም።

«እማማ፣ ጥሎሽ ነው?» አለ ከበደ።

«ንዳ!»

ይቅር አልኩት ማለት አይደለም። ግን የበቆጂ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ጨርቁን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። አሰላ ስንደርስ ጉልበቴ ሞቋል።