የሽንኩርት ልጣጭ ውሃ

በምኖርበት የሰሜን ከተማ የበረዶው ወራት ቀኑን ጭምር ያደበዝዘዋል፤ በቀትር መብራት አብርተን ነው የምንሠራው። የእኔ ሥራ ከኩላሊት ሴሎች ጋር ነው። በላስቲክ ሳህን ላይ፣ ሙቀቱ በተመጠነ ሣጥን ውስጥ ያድጋሉ። ሣጥኑን ስከፍት ቢስሚላህ እላለሁ፤ ከዚያ ሳህኑን ማይክሮስኮፕ ስር አስገብቼ አያቸዋለሁ። ደህና ሲሆኑ እርስ በርስ ተጠጋግተው ይተኛሉ። የአገሬ ወንዝ ቦርከና ሞልቶ ጨፋ ረግረግ ላይ ሲተኛ በየማሳው መሃል የሚያበራውን ውሃ ይመስሉኛል። አንዳንዴ ዓይኔን ከመነጽሩ ሳላነሳ፣ ከብቶች በዚያ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለው ሲያልፉ የማይ ይመስለኛል።

ከባክቴሪያ የወጣ መርዝ ጠብ ሳደርግባቸው ይቆጣሉ፤ ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ነው። የድረሱልኝ መልእክት ዙሪያቸውን ይረጫሉ። ያኔ ፍላቮኖይድ የሚባለውን፣ ዕፅዋት አበባና ልጣጫቸውን የሚያቀልሙበትን ነገር እሰጣቸዋለሁ። የእኔው ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የተጣራ ቢጫ ዱቄት ነው። ጩኸታቸው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሥራዬ ይኸው ነው፤ የተቆጣን ማባበል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እናቴ ከከሚሴ ደወለች። እንደ አገራችን ሰው አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያፈራረቀች ነው የምታወራው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ካሌሳ…» የሚል ሰማሁ፣ ድምፅዋ ጠፋ፣ ከዚያ «…ያመመኝ» ብላ ተመለሰች። ካሌሳ በኦሮምኛ ትናንት ነው። ትናንት አሟት ዛሬ የተሻላት መስሎኝ አልሃምዱሊላህ አልኩ። ወዲያው ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት ጠይቃኝ አታውቅም። ደስ ብሎኝ ስለ ሽንኩርቱ ልጣጭና ስለ ኩላሊቱ አወራሁላት። ልጣጩ ነው አይደል፣ ሥጋው አይደለም አይደል እያለች ደጋግማ አጣራች።

ሳምንታት አለፉ። ከእናቴ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደወለች። የእማዬ እግር አብጧል፣ ትኩሳት ይመላለስባታል፣ ጎኗን ይዛ ነው የምትነሳው። ደሴ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላት፣ ልጄ ያገኘችውን እየጠጣሁ ምን ልሁን ብዬ ትላለች። የምትጠጣው የተቀቀለ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። የገበያ ሴቶች ልጣጩን በፌስታል እያጠራቀሙ ያመጡላታል። ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ከማለቱ የተነሣ ድመቷ ጎረቤት ገብታ ቀርታለች አለችኝ እህቴ፤ እሷም አልሳቀች፣ እኔም አልሳቅሁ።

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። እናቴ ያለችኝ «ካሌ ሳይሆን አይቀርም ያመመኝ» ነበር። ካሌ በኦሮምኛ ኩላሊት ነው። ኔትወርኩ አማርኛዋን ከመሃል ቆርጦ የራሱን ኦሮምኛ ሠርቶበታል። እሷ ግን ኩላሊቷን እንዳመማት ነግራኝ፣ እኔ አላህን አመስግኜ፣ ለጥቄ መድኃኒቱን የነገርኳት ነው የመሰላት።

እህቴ ስልኩን ሰጠቻት። መድኃኒት አይደለም አልኳት። ለፈረንጅ ኩላሊት የሠራ ለእኔ የማይሠራው ምን በድዬው ነው አለችኝ። እኔ ቢጫውን በቀጥታ ሴሎቹ ላይ እንደማንጠባጥብ፣ እሷ የምትጠጣው ግን ሆድና ጉበት አልፎ ኩላሊት ዘንድ የሚደርሰው ኢምንት እንደሆነ አስረዳኋት። ደግሞም ጀርም ገብቶ ከሆነ ቁጣውን ማብረድ ጀርሙን አይገድለውም አልኳት። ሁሉንም አዳመጠችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ሐሙስ ሴቶቹ ወዳጃ ተቀምጠው ድስቱ ላይ ዱዓ አድርገዋል። ዱዓ የተደረገበትን ልድፋው ልጄ?»

ዱዓን የማቃልል ሰው አይደለሁም። በመስኮቱ ውጪ በረዶው ወደ ታች ይሁን ወደ ላይ በማይለይ ሁኔታ ይንሳፈፋል። የሰፈራችን ሴቶች ለወዳጃው፣ ለጋራ ዱዓው ተሰብስበው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ እንፋሎቱ በመሃላቸው ሲወጣ ታየኝ። ስንቶቹ ስለ እኔም ለምነው ይሆን።

«እማዬ፣» አልኩ በመጨረሻ፣ «እስከ ዛሬ ያዳንኩት ሰው የለም። ሳህን ላይ ያለ ነገር ነው የማባብለው። ዱዓው ደግሞ ለድስቱ አልተደረገም፤ ላንቺ ነው የተደረገው። ደሴም አብሮሽ ይሄዳል።»

ከእሷ በኩል የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ፤ ራቀ። ወላሂ እምቢ ልትል ነው ብዬ ተሳቀቅሁ።

«አብሽሪ፣ አታስቢ፣» አለች። «በጠዋቱ ሚኒባስ እንሄዳለን። ሴቶቹን ግን ራስሽ ታስረጃቸዋለሽ፣ እኔ አፍ የለኝም።»

ደሴ ላይ አስተኟት። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊቷ ወጥቶ ነበር፤ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ሰጧት። ብትቆዪ ኖሮ ይከብድ ነበር አላት ሐኪሙ። እኔ በእነዚያ ቀናት ከሣጥኑ ወደ መስገጃዬ፣ ከመስገጃዬ ወደ ሣጥኑ ስመላለስ በእንቅልፍ ውስጥ የምሄድ ያህል ነበር። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ እብጠቱም ጎደለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከአልጋዋ ደወለችልኝ። ሳህኑ ፊቴ ነበር፤ እጄ ላይ ጓንት ስላለ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ አጠገቤ አኖርኩት። ስለ ምግቡ አማረረች፣ በቀጣዩ አልጋ ስላለችው ሴት ነገረችኝ። ከዚያ፣

«አንቺ ዘንድ ያሉትስ፣ ተሻላቸው?» አለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጭጋግ እንዳረፈበት ረግረግ ጸጥ ብለው ተኝተዋል። እያረፉ ነው አልኳት። እናቴ በኦሮምኛ ዱዓ ታደርግላቸው ጀመር፤ እኔም ጓንት ያጠለቁትን እጆቼን ዘርግቼ አሚን አልኩ።