ለዋልካ መሬት ክሪክ ስመርጥ

ሃምሳ ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜ የራሴን ክሪክ ገዝቼ አላውቅም ነበር። መኪና ግን አለኝ። መኪና ካላችኋት ማለቴ ነው፤ ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ጆንያ የምታመላልስ አሮጌ ፒካፕ ናት። ቀለሟ ምን እንደነበር እኔም ረስቼዋለሁ። ጎማ ሲተነፍስብኝ ከጎረቤት ክሪክ እዋሳለሁ፤ ጎረቤት ከሌለ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሹፌር አስቆማለሁ፣ ቀልድ ነግሬው የሱን እወስዳለሁ። በቀልድ ያላገኘሁት ነገር የለም።

ታናሽ ወንድሜ ቁሐር ሚካኤል ነው የሚኖረው። ገበሬ ነው፣ ሩዝ ያመርታል፣ ከብት ያረባል። እጁ ግን ከመካኒክ አያንስም፤ ብሎን በዓይኑ አይቶ የቁልፉን ቁጥር ይነግራችኋል። መኪናዋ በታመመች ቁጥር እልክበታለሁ፣ ይመጣል። እሱ ከሥር ይገባል፤ እኔ ከላይ ሆኜ ቁልፍና ወሬ አቀብላለሁ። ይበልጥ ወሬውን።

ባለፈው ነሐሴም እንደዚያው ነበርን። የተዋስኩት ክሪክ እንደ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዓይነት ነው፣ መቀመጫው ጠባብ። ግቢዬ እንደ ፎገራ መሬት ሁሉ ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ጫማችሁን ከነእግራችሁ ይውጠዋል። ወንድሜ ከመግባቱ በፊት "ግንድ ደግፍላት፣ ክሪክ አይታመንም" አለኝ።

"እኔ እያለሁ?" አልኩት።

ግንዱ አጥሩ ሥር ነበር። ቢበዛ አሥር እርምጃ ነው። ላመጣው ስሄድ አንድ የማውቀው ሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አገኘሁትና እዚያው ቆሜ ወሬ ጀመርን። ክሪኩ በአንድ ጎኑ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ መኪናዋ ተንሸራታ ወደቀች። የወንድሜ ነፍስ ተረፈች። ግራ እጁ ግን ከሥር ቀርቶ ነበር።

አሁን ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉም። እኔ ብሆን ብዙም ባልተጎዳሁ፤ ለወሬ ጣት አያስፈልግም። ለሱ ግን ግራ እጅ ማለት ሩዙን ጨብጦ የሚይዘው እጅ ነው፤ ማጭዱ በቀኝ ይመጣል። አጨዳ ደርሷል፣ እጁ አይጨብጥም።

አልተጣላንም። ቤቱ ስሄድ ይቀበለኛል፣ ያበላኛል፣ ለቀልዴም ፈገግ ይላል። ግን መኪናዋ ያለችበት ግቢ ከዚያ ወዲህ አልረገጠም። ኅዳር ላይ የኋላ ባሌስትራዋ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ብሎኖቹ ላሉና መንቋቋት ስትጀምር ክሪክ ልገዛ ወሰንኩ። ለሰው "መኪናዬን በቤቴ ልጠግን ነው" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ወንድሜ ተመልሶ እንዲመጣ ነው የፈለግሁት።

ቁሐር ወረድኩና "ክሪክ ልገዛ ነው፣ አስመርጠኝ" አልኩት።

"አንተንማ ያታልሉሃል" ብሎ ጋቢውን አነሳ።

ወረታ፣ በደብረ ታቦር መንገድ በኩል ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች አንዱ ገባን። ባለሱቋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሹፌሩ ሁሉ ይፈራቸዋል። ሦስት ዓይነት አወጡልን። አንደኛው እየጠመዘዙ የሚያነሱት ተጣጣፊ ነው። "ጆንያ ለምትጭን መኪና ይኸ አይሆንም" አሉና ራሳቸው መልሰው ሰቀሉት። ሁለተኛው ያው እንደ ጠርሙስ የሚቆመው ነው። ወንድሜ አየት አደረገውና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሦስተኛው ቀይ ነው፤ በሆዱ የተኛ፣ አራት ትንንሽ የብረት ጎማ ያለው፣ እጀታው የኔን ቁመት የሚያህል። ከሁሉም ውዱ እሱ ነው።

"ይኼው! ጨርሰናል" አልኩ።

"ቆይ" አለ ወንድሜ። "እናቴ፣ ጎማው ለምንድን ነው?"

"ሲያነሳ ክንዱ እየዞረ ነው የሚወጣ። ስለዚህ ክሪኩ ራሱ ከመኪናዋ ሥር ትንሽ ትንሽ መሄድ አለበት። መሄድ ካልቻለ መኪናዋን ይጎትታታል፤ አለዚያ ከአፉ ታመልጣለች።"

"ዋልካ ላይስ?"

"ዋልካ ላይማ ጎማው ይቀበራል! ግቢያችሁ ሲሚንቶ የለውም?"

"የኔ ግቢ ሲሚንቶን የሚያውቀው በዝና ነው" አልኳቸው።

ሴትዮዋ ሳቁ፣ ወንድሜ አልሳቀም። "እንግዲያ ወፍራም ሳንቃ ታነጥፉለታላችሁ" አሉ። "ሳንቃ ከሌላችሁ አልሸጥላችሁም። በኔ ዕቃ ሰው ተጎዳ ሲባል መስማት አልፈልግም።"

ምንም አያውቁም፣ የወሬ ወሬ እንኳ አልደረሳቸውም። ወንድሜ ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። እኔ፣ ለማንኛውም ነገር መልስ የማላጣው ሰውዬ፣ የተሰቀሉትን የሞተር ቀበቶዎች መቁጠር ጀመርኩ።

ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ሲገቡ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ውዱን የመረጥከው ለመኪናዋ ነው ለኔ?" አለኝ።

"ለሁለታችሁም" አልኩት ፈገግ ብዬ።

"መኪናዋማ ምን ሆነች?" አለ።

ከመግዛታችን በፊት ሊሞክረው ፈለገ። የሴትዮዋ መኪና ደጃፉ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ቆማ ነበር። ፈቀዱለት። በቀኝ እጁ እጀታውን እየጫነ አነሳትና ጎማዋ ከመሬት ለቀቅ ሲል አቆመ። መንገድ ላይ ከወደቀው የሩዝ ገለባ አንዲት ዘለላ አንስቶ ከጎማው ሥር አስገባ፤ ዘይቱ እያፈሰሰ ክሪኩ ከወረደ ገለባዋ ትያዛለች። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ይመለከታት ጀመር። ባጃጆች ይጮሃሉ፣ ሰው ያልፋል፣ እሱ ዓይኑን አይነቅልም። ጆንያ የተሸከመ አንድ ሰው "ምን ጠፋበት?" ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ገለባዋ አመለከትኩት።

ሴትዮዋ ሰለቻቸው። "ልጄ፣ ብረት እኮ ነው፣ አይሸሽም።"

"ያኛውም ብረት ነበር" አለ።

በመጨረሻ ገለባዋን ሳብ ሲያደርጋት ወጣች። "ይሁን" አለና ክሪኩን ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ጫነው።

ከነሐሴ በኋላ ግቢዬ የገባው ያን ቀን ነው። መሬቱ ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከሥሩ ግን ገና ለስላሳ ነው። የድሮ የበር ሳንቃ አነጠፍን፤ ክሪኩ ላዩ ላይ እንደተባለው ተንከባለለ። ሁለቱን ግንዶች ማንም ሳያዘኝ ሮጬ አመጣሁ፣ የኋላ ጎማዎቹን በሚያያይዘው አክስ ሥር ደገፍኩ፣ ነቅነቅ አድርጌ አሳየሁት። ለሱ መተኛ ንጹሕ ጆንያ ዘረጋሁለት።

"አንተ ግባ" አለኝ።

"እኔ?"

"እጀታውን እኔ እይዛለሁ።"

ገባሁ። መግባት ከተባለ፤ ሆዴ ከመኪናዋ ሆድ ጋር ተፋጠጠ። "ይኸ ክሪክ ሆዴንም ዝቅ የሚያደርግልኝ ቢሆን" አልኩ። ቁልፉን ብሎኑ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ሥር ሆኜ የሚታየኝ የወንድሜ እግር ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እግሩም ጠፋ።

"አለህ?" አልኩ።

አንገቴን አዙሬ ወደ ጎን አየሁ።

"ኧረ አለህ ወይ?"

"አለሁ።" ድምፁ ከቅርብ ነው። ቆየና፣ ሳይቆጣ፣ እንደ ተራ ወሬ "ያን ቀን እኔም ጠርቼህ ነበር፤ ሁለት ጊዜ። ትስቅ ነበር" አለኝ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ "ድንገት ነው የወደቀችው" ነበር የምለው። እኔም አምኜው ነበር። እሱ ግን ክሪኩ ሲሰምጥ አይቷል፣ ጠርቶኛል፣ ጠብቆኛል። ብሎኑን እስኪበቃው አጠበቅሁት፤ ከበቃው በኋላም አጠበቅሁት።

ስወጣ ቀስ አድርጎ አወረዳት። "ዕቃው ጥሩ ነው" አለ።

"ምሳ ብላና ሂድ።"

"ሩዙ ደርሷል፣ ልሂድ።"

"ለአጨዳው እኔም ልምጣልህ?"

"አንተ ማጭድ ከያዝክ በቤተሰቡ ጣት አይተርፍም" አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ከነሐሴ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው፤ ግን ቶሎ አለቀ፣ ሲያልቅ እዚያው የቆምንበት ነበርን።

"በግራ በኩል ያለው ይቀራል። ቅዳሜ ትመጣለህ?"

ክሪኩን አየ፣ እኔን አየ። "ለብቻህ ልመደው" አለና ባጃጅ አስቁሞ ሄደ።

ቅዳሜ ግን ጠበቅሁት። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ወደ በር አየሁ። ከዚያ ሳንቃውን በግራ በኩል አነጠፍኩ፣ መኪናዋን አነሳሁ፣ ግንዶቹን ደገፍኩ፣ ነቀነቅሁ። ንቅንቅ አላለችም። በጉልበቴ ተንበርክኬ ወደ ሥር አየሁ። ብሎኑ ይታየኛል፣ ቁልፉ በእጄ ነው፤ ብጣራ የሚሰማኝ ሰው ግን ግቢው ውስጥ የለም። እንደዚያው ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ተነሳሁና ግንዶቹን አውጥቼ፣ ቀስ አድርጌ፣ መልሼ አወረድኳት።