ቁርባን አፈረሰች ያሰኘኝ ውሃ

ምራቴን መጠርጠር የጀመርኩት በሳሙና ነው። የልብስ ሳሙናዬ ሲያልቅ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በቦታው አዲስ ተቀምጦ አገኛለሁ። ምነው? ማን አዘዛት? ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባላል። እኔ ደግሞ ስንጥሩን ሳልፈልግ ገንፎ ጎርሼ አላውቅም።

ጉዴን ልናገር። ባሌ ሲሞት ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር፣ ልጄ ቤት መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሽንቴ አልታዘዝ አለኝ። መጣሁ ካለ መጣ ነው። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ እኔና እሱ ስንሽቀዳደም እሱ ይቀድመኛል። ሳስነጥስ ያመልጠኛል፣ ስስቅማ አይነሳ! ውሃ መጠጣት ተውኩ፤ ጭራሽ ማቃጠል ጨመረልኝ። በየማለዳው ገላዬን እታጠባለሁ፣ ቀሚስ እቀይራለሁ፣ ያጠብኩትን ሰው እንዳያየው ከቤቱ ኋላ አሰጣለሁ።

እኔ ቆራቢ ነኝ። ከባሌ ጋር ቆርበን፣ ከሞተም በኋላ ሳላጓድል ኖሬያለሁ። እንዲህ እየረጠብኩ ግን እንዴት ብዬ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ? ረክሻለሁ ብዬ ቀረሁ። ከቅጥሩ ውጭ ተሳልሜ እመለሳለሁ። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ። ሳልቆርብ ልሞት ነው የሚለው ፍርሃት ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ዝንቡ ግን ገባ። አንድ ቀን ጎረቤታችን በአጥር በኩል «እማማ፣ በየማለዳው ገላ መታጠብ! ልጅነት ተመለሰ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ አላማረኝም። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ቆራቢ ቁርባኑን ከተወች፣ ጠዋት ጠዋትም ገላዋን ከታጠበች ምን ይባላል? ቁርባን አፈረሰች፣ ወንድ ያዘች ነው የሚባል። እግዚኦ! በዚህ ዕድሜዬ!

ወሬውን ያወጣች ምራቴ ናት አልኩ። ልብሴን የምታይ እሷ፣ ሳሙናዬን የምትከታተል እሷ። ወደ አገሬ ልትሰደኝ ሰበብ ፍለጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ያቀረበችልኝን ወጥ እንኳ አገላብጬ እያየሁ ነበር የምበላው።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የነፍስ አባቴ መጡ። ልጄ አጠገባቸው ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። ምራቴ ጠላ በጆግ ይዛ ቆማለች። ጠርታቸው ነው አልኩ በሆዴ።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ምነው ከቁርባን ራቅሽ? ብቸኝነቱ ከብዶሽ አንድ ደግ ሽማግሌ አግኝተሽ እንደሁ፣ በሥርዓቱ ይሆናል እኮ።»

ሽማግሌ! ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ማርያምን፣ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከሳቁ ጋር ያ ጉደኛም ወጣ። ቀሚሴ ራሰ፣ ከበርጩማው ሥር መንጠባጠብ ጀመረ። ደርቄ ቀረሁ።

ምራቴ ራመድ አለችና ጆጉን ጭኔ ላይ ገለበጠችው። «ውይ በሞትኩት! እማማ ደፋሁብዎ!»

«ዓይንሽ የት ነው? እንግዳ ፊት!» ብሎ ልጄ ጮኸባት።

እሷ አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ ቀሚሴን ትጠርጋለች። የሳሙናው ነገር ያኔ ገባኝ። ስታውቅ ኖራለች፤ ለባሏ እንኳ አልነገረችም።

እንባዬ መጣ። «ተዋት ልጄ» አልኩ። «ጠላው የእሷ ነው፤ ከሥሩ ያለው ውሃ የእኔ ነው። አባ፣ እኔ ወንድ አልያዝኩም። መያዝ ያቃተኝ ሽንቴን ነው።»

አባ ወደ ልጄና ወደ ምራቴ ዞሩ። «ታዲያ ይህ በሽታ እንጂ ምኑ ነው ኀጢአቱ? ሐኪም ቤት ውሰዷት» አሉ።

ምራቴ ወሰደችኝ። ነርሷ «እማማ፣ ውሃ አይተዉ፣ ቡናና ሻይ ግን ይቀንሱ» ስትለኝ ከእሷ ጋር ተመሳጥረው ቡናዬን ሊያስቀሩኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ከታች ጨምቆ መያዝ፣ ቆይቶ መልቀቅ ነርሷ አስተማረችኝ። ሳይመጣብኝ በፊት ሰዓት ጠብቄ እሄዳለሁ። ጨርሶ አልተወኝም፤ ግን ሸጋ ነኝ፣ አሁን አብዛኛውን ጊዜ እኔ እቀድመዋለሁ።

መቁረብም እንደገና ጀመርኩ። በቅዳሴ ምራቴ ከጎኔ ትቆማለች፤ በቦርሳዋ ለእኔ የታጠፈ ደረቅ ጨርቅ አለ። መኖሩን በየጊዜው እጄን ሰድጄ እዳስሳለሁ፤ እሷም ቦርሳውን ወደ እኔ ጠጋ ታደርግልኛለች።